አልተነቃነቅኩም ስልሽ

ጥር 6

ዛሬም ፕሮፌሰሩ ሲስተር ብሎ ጠራኝ። ስምንት ወር አብረን ሠርተን ሲስተር! ነርስ አይደለሁም። የኤምአርአይ ባለሙያ ነኝ፤ የክፍሌ በር ላይ ተጽፏል፣ ጋውኔ ላይ ተጽፏል። ፕሮፌሰሩ የሰው አንጎል እንጂ የሰው ጋውን አያነብም።

ጠዋት ሁለት ሰው አስገባሁ። አንዷ መምህርት ናት፤ ስታስል ማጅራቷ የሚሰነጠቅ ይመስላታል። ሌላው አናጢ ነው፤ ጣሪያ ላይ ቆሞ ዓለም ዞረችበት። ሁለቱም ያው በሽታ ነው ያለባቸው፤ ቺያሪ የሚሉት። ሲፈጠሩ ጀምሮ የትንሹ አንጎላቸው ጫፍ ከራስ ቅል ስር ባለው ቀዳዳ ሾልኮ ወደ አንገት ወርዷል። እኔ ለታማሚ ሳስረዳ "ቤቱ ጠቦት ጎረቤት የገባ" እላለሁ። ይስቃሉ... ከሳቁ በኋላ ማጅራታቸውን ይይዛሉ።

የፕሮፌሰሩ ጥናት ደግሞ ይሄ ነው። ልብ በመታች ቁጥር ደም ወደ ራስ ይወጣል፤ አንጎልም ትንሽ ንቅንቅ ይላል። ከፀጉር ውፍረት የምታንስ ንቅናቄ። ማሽኑ ጣት ላይ በምትሰካ መቆንጠጫ የልብ ምቱን እየተከተለ ያቺን ይለካል፤ ከዚያ በቀለም ያወጣታል። ሰማያዊ፣ ዝም ያለ። ቀይ፣ የሚንቀሳቀስ። የታማሚዎቹ አንጎል ከጤነኞቹ ይበልጥ ይንቀሳቀሳል ወይ? ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ያንን አልክድም።

የኔ ድርሻ ጭንቅላት በስፖንጅ መጠቅጠቅ ነው። ጭንቅላት ከተነቃነቀ ሥዕሉ ሁሉ ቀይ ይሆንና ልኬቱ ገደል ይገባል። ስለዚህ መዝገቡ ላይ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ወይ "ደህና" ወይ "ተንቀሳቅሷል" ብዬ እጽፋለሁ። ተንቀሳቅሷል ካልኩ ምስሉ ውድቅ ማህደር ውስጥ ይገባል፤ ማንም ዞሮ አያየውም። በመጠቅጠቅ ግን ማንም አይደርስብኝም። ይሄን ለራሴ ብመሰክር ምን አለበት? ሌላ የሚመሰክርልኝ የለ።

ጤነኛ ሰው አጥሮናል። "ቤተሰብም ጎረቤትም አምጡ" አለ ፕሮፌሰሩ። ከኛ ቤት ጤነኛ ከየት ይመጣል?

ጥር 9

እሑድ። እማዬ ቤት። ቁንጫ ራሷን ይዛ ሶፋው ላይ ተጋድማለች።

ቁንጫ ታናሽ እህቴ ናት። በልጅነቷ አንድ ቦታ አርፋ ስለማትቀመጥ አባታችን ያወጣላት ስም ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሞላት፣ አሁንም አታርፍም። ፀጉር ሠሪ ናት። እጇ ወርቅ ነው። አፏን ለጊዜው እንተወው።

ስትስቅ ያማታል፣ ስታስል ያማታል፣ ጫማ ልታስር ጎንበስ ስትል ያማታል። ሦስት ዓመት ሆናት። ያልሄደችበት ሐኪም የለም። አምና ሌላ ቦታ ኤምአርአይ ተነሳች፤ የትንሹ አንጎሏ ጫፍ አራት ሚሊሜትር ወርዶ ተገኘ። በሽታ የሚባለው ከአምስት ጀምሮ ነው። አራት ከሆነ ጤነኛ፣ አምስት ከሆነ ታማሚ። ስለዚህ "ጭንቀት ነው" ተባለችና ክኒን ይዛ ተመለሰች።

እማዬ፦ "አግብታ ልጅ ብትወልድ ይለቃት ነበር።"

ቁንጫ፦ "ልጅ ራስ ምታት ይጨምራል እንጂ መቼ ይቀንሳል? እኛን አታዪም እንዴ?"

ሳቀች። ወዲያው ማጅራቷን ጨበጠች።

እውነቱን ልጻፍ፣ ማንን አፍራለሁ። ሰልችታኛለች። ሳምንቱን ሙሉ የባሰበትን ስጠቀጥቅ ሰንብቼ በእረፍት ቀኔ ደግሞ "እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ ንኪኝ እስቲ"። ምን ልንካ? አራት ሚሊሜትር በጣት ይነካል?

ሳህን ስናጥብ፦ "ለምን እኔን አታስገቢኝም፣ እትዬ? ያ ጥናታችሁ ውስጥ።"

"ጤነኛ ነው የሚፈልጉት።"

"እና እናንተ አይደላችሁ እንዴ ጤነኛ ነሽ ያላችሁኝ?"

ቅዳሜ ነይ አልኳት።

ጥር 15

ቅዳሜ ማሽኑ የጥናቱ ነው። ቁንጫን አስገባሁ። ጤነኛ ቁጥር አሥራ አራት።

ገና ጋውኑን ስትለብስ "ይሄ ስንት ሰው ሞቶበታል?" ብላ ጀመረች። ስፖንጁን ግራና ቀኝ ስጠቀጥቅባት "ቀስ! ይሄን ፀጉር ስሠራው ያደርኩት ለአንቺ ማሽን መስሎሻል?" ጣቷ ላይ መቆንጠጫውን ሰካሁ። እረፊ አልኳት። "መቼ አርፌ አውቃለሁ?" አለች።

ሠላሳ አምስት ደቂቃ። መሃል ላይ አሳላት። ማይክራፎኑን ተጭኜ ጮህኩባት።

"ቁንጫ! እረፊ አልኩሽ እኮ!"

"አልተነቃነቅኩም!"

ምስሉ ወጣ። ታችኛው ክፍል በሙሉ ቀይ። እንዲህ ያለ ቀይ ከታማሚዎቹም አላየሁም። ምን ያህል ብትወራጭ ነው? ያን ያህል ከስፖንጅ ጋር ታግዬ! መዝገቡን ገለጥኩ፦ ጤነኛ 14፣ ተንቀሳቅሳለች። ውድቅ።

ስትወጣ ነገርኳት።

"አልተነቃነቅኩም ስልሽ።"

"ማሽን አይዋሽም።"

"እኔ ነኛ የምዋሸው።"

ጫማዋን አጥልቃ ዞር ብላ ሳታየኝ ሄደች። ትሂድ! ቅዳሜዬን አበላሽታ ደግሞ ኩርፊያ።

ጥር 16

ስልክ አታነሳም። ይሁና።

ጥር 24

ማሽኑ ቆመ። ማቀዝቀዣው ነው። ጠጋኙ መጥቶ ሦስት ሰዓት ሙሉ አንድ ቱቦ አየ። "ምን ሆኖ ነው?" ስለው "ይሞቃል" አለኝ። እሱንማ እኔም አውቄ ነው የጠራሁህ፣ ወንድሜ!

ፕሮፌሰሩ ከላይ ይደውላል፤ "ሲስተር፣ መቼ ነው የሚያልቀው?" ስሌቱን የምትሠራው ሴትዮም መጣች። በሆዴ ወይዘሮ ቁጥር ነው የምላት፤ መነጽሯን ሳትጠርግ ዓረፍተ ነገር አትጀምርም። "ጤነኞቹ አልበቁኝም" አለች። ለእኔ ትነግረኛለች፣ እኔ እንደምወልድላት።

የካቲት 8

እማዬ ደወለች። "እህትሽ እጇን አቃጥላለች፣ ነይ።"

የፀጉር መተኮሻው ነው። ግራ እጇ፣ በትንሿ ጣትና በቀለበት ጣቷ በኩል፣ ቆዳው ተገሽልጧል። ደነገጥኩ፤ ስደነግጥ ደግሞ የምናገረው ቁጣ ነው።

"እንዲህ እስኪሆን የት ነበርሽ?"

"እዚያው ነበርኩ። ሽታው ነው የነገረኝ። የደንበኛዬ ፀጉር የተቃጠለ መስሎኝ ፀጉሯን ሳሸት ነበር፣ ባክሽ።"

ልትስቅ ጀመረችና ማጅራቷን ያዘች።

"አላመመሽም?"

"አላመመኝም።"

እማዬ ከጎን፦ "ሐሳብ ነው። ሐሳብ ሰው ያደነዝዛል።" እኔም ቅባት ቀብቼ እየጠቀለልኩላት "ሥራ ላይ ስትሆኚ ልብሽን ሰብሰብ አድርጊ" አልኳት። እንዲያ ብዬ መከርኳት።

ለምን አላመማትም? ቃጠሎ እኮ ነው... ደክሟት ይሆናል። ነገ ደውዬ እጠይቃታለሁ።

የካቲት 9

አልደወልኩም። አሥራ አንድ ሰው ነበረኝ።

የካቲት 20

ቁንጫን ከሥራ አባረሯት።

የደንበኛ ግንባር በመተኮሻው ነካች። መተኮሻው የት እንደደረሰ በግራ ጣቶቿ ነው የምትለካው፤ ፀጉሩን በጣቶቿ መሃል ይዛ። ጣቶቿ አልነገሯትም። ሴትዮዋ ጮኸች፣ የፀጉር ቤቱ ባለቤት መጣች፣ ነገሩ አለቀ። ዘጠኝ ዓመት የሠራችበት ቤት! ባለቤቷ ስታሰናብታት "እጅሽ ሲሻልሽ ነይ" ብላታለች። እሷ እንኳ እጅሽ አለች። እኛ ገና ሐሳብ ላይ ነን።

በስልክ ነው የነገረችኝ። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። "ቁልፍ ከቦርሳዬ አውጥቼ ካላየሁት ቁልፍ መሆኑን አላውቅም" አለችኝ። ደግሞ ሐኪም ዘንድ እንሂድ አልኳት። "የቱ ጋ? ጭንቀት ነው ካሉኝ ሦስቱ ጋ ወይስ አዲስ ጭንቀት ነው የሚል ልንፈልግ?"

ተናደድኩባት። በማን ልናደድ ታዲያ? ደግሞ የማውቀው አንድ ነገር አለ፤ ልይዘው ስል ይሸሸኛል።

መጋቢት 4



ወይዘሮ ቁጥር ዛሬ መጣች። ከውድቆቹ መሃል የሚተርፍ ካለ አብረን እንይ አለች። ውድቅ የተባሉት አሥራ አንድ ናቸው። የመጀመሪያውን ከፈትን፤ ሰውየው ሙሉ ጭንቅላቱ ይወዛወዛል። አፍንጫው፣ ዓይኑ፣ አጥንቱ። ውድቅ። ሁለተኛው እንደዚያው። ሦስተኛው እንደዚያው። ትክክል ነበርኩ እያልኩ ደረቴን ነፋሁ።

ሰባተኛው ላይ ቆመች። መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ አጠለቀች።

"ይቺን ማነው ውድቅ ያላት?"

"እኔ። ተንቀሳቅሳለች።"

"የት ጋ? አፍንጫዋን እይው። ዓይኗን እይው። አጥንቷን። ሁሉም ባለበት ነው ያለው። ጭንቅላቷማ ድንጋይ ነው፤ አሳምረሽ ጠቅጥቀሻታል። የተንቀሳቀሰው አንጎሏ ነው።"

ቁጥሩን አነበብኩ። አሥራ አራት።

ጭንቅላት ከተነቃነቀ አፍንጫ አብሮ ይነቃነቃል። ይሄ ማንም ጀማሪ የሚያውቀው ነገር ነው። እኔ አሥራ ስድስት ዓመት የሠራሁት አላየሁም። ሌላ ሰው ቢሆን አፍንጫውን አይ ነበር፤ ሁልጊዜ አያለሁ፤ የሌሎቹን አሥሩን አይቻለሁ። የእሷን አላየሁም። ለምን? ቁንጫ ናታ! ቁንጫ መቼ አርፋ ታውቃለች? ገና ሳትተኛ ፈርጄባታለሁ። "አልተነቃነቅኩም" ብላ ጮኻ ነገረችኝ እኮ። በማይክራፎን፣ በጆሮዬ።

እና እጇ። አላመመኝም ያለችው እጅ። አንጎሏ በየልብ ምቱ ወደ አንገቷ እየተወተፈ በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ዙሪያ የሚፈሰውን ውሃ መንገድ ሲዘጋው፣ ውሃው ሄዶ ኅብለ ሰረሰሯ ውስጥ ይጠራቀማል። ከዚያ መጀመሪያ የሚሞተው ሙቀትና ሕመም የሚያሳውቀው ስሜት ነው። ይሄን አላውቅም? ለሰልጣኞች አስተምሬዋለሁ! "በእሳት ተቃጥሎ አላመመኝም ያለ ሰው ካጋጠማችሁ አንገቱን በኤምአርአይ አንሱት" ብዬ፣ በዚህ አፌ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለኔ ነው።

ሰባት ሳምንት። ከጥር 15 እስከ ዛሬ ልክ ሰባት ሳምንት ውድቅ ማህደር ውስጥ ተኝታለች።

መጋቢት 6

ፕሮፌሰሩ ዘንድ ገባሁ። ቁጭ በይ አላለኝም።

"ሲስተር፣ ይሄ ጥናት ነው፣ ምርመራ አይደለም። የፈረመችው ቅጽ ላይ አለ፤ ምስሉ ለሕክምና አይውልም።"

"እጇ እየደነዘዘ ነው፣ ፕሮፌሰር። እሳት አይሰማትም።"

"አዝናለሁ። ግን አራት ሚሊሜትር ናት፤ ጤነኛ ብለን ነው የመዘገብናት። መሃል ላይ ታማሚ ናት ካልን ጥናቱ ይዛባል።"

ጥናቱ ይዛባል! የሰው እጅ ሲዛባ ምንም አይደለም። አንጎል ስንት እንደወረደ ብቻ መለካት አይበቃም፣ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ እንይ ብሎ ይሄን ጥናት የጀመረው ራሱ ነው። አሁን የሚፈልገው ነገር ዓይኑ ስር መጥቶ ሲቆም መልሶ በሚሊሜትር ይገፋታል።

ከዚያ ደግሞ፦ "ለነገሩ ተንቀሳቅሳለች ብለሽ የጻፍሽው አንቺው ነሽ።"

እዚህ ላይ ምን ይባላል? ትክክል ነው። አንድ ትክክለኛ ነገር ቢናገር እሱን ተናገረ።

"ነርስ አይደለሁም" ብዬ ወጣሁ። ከስንቱ ነገር መርጬ የተናገርኩት ይሄን ነው! በሩን እንኳ ላጋጨው ብል የማይጋጭ በር ነው፤ ምን ያህል ብትገፋው ቀስ ብሎ ነው የሚዘጋው።

ምስሉን በዲስክ ገልብጬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። የራሷ ጭንቅላት ነው። ፈቃዱን ከማን ልጠይቅ?

መጋቢት 7

ቀዶ ሐኪሙ ዘንድ ወሰድኳት። ሰውየው ቁጥብ ነው፣ ክፉ አይደለም። የአምናውን ወረቀት አነበበና "አራት" አለ። ልክ እንደ ሌሎቹ። አራት!

"ዶክተር፣ አራቱን ይተዉትና ይሄን ይዩልኝ።"

ዲስኩን ከፈትኩ። አየ። ደግሞ አየ። "ይሄ ገና በጥናት ላይ ያለ ነገር ነው፤ በዚህ ተነስቼ ራስ ቅል አልከፍትም" አለ።

"አይክፈቱ። እጇን ብቻ ይዩልኝ።"

ሁለት የብርጭቆ ቱቦ አስመጣ፤ አንዱ ሙቅ ውሃ፣ አንዱ ቀዝቃዛ። ቁንጫ ዓይኗን ጨፈነች። ቀኝ እጇን እያቀያየረ ነካት። "ሙቅ። ቀዝቃዛ። ቀዝቃዛ። ሙቅ።" ሁሉንም አገኘች። እንደ ተማሪ ኮራ አለች።

ግራ። "ቀዝቃዛ... ቀዝቃዛ... ይሄም ቀዝቃዛ ነው። ዶክተር፣ ሁሌ አንዱን ነው እንዴ የሚነኩኝ? ተበላሁ።"

ሦስተኛው ሙቅ ነበር። ሁለተኛውም።

ዓይኗን ስትገልጥ ሁለታችንን እያየች "ምን አልኩ? ተሳሳትኩ እንዴ?" አለች። ሐኪሙ የአንገት ኤምአርአይ ትእዛዝ እየጻፈ ነበር። እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ማየት ጀመርኩ።

መጋቢት 9

አንገቷን እኔው አነሳሁ። ሌላ ሰው ይግባ ብል ምክንያት ልናገር ነው።

አለ። ኅብለ ሰረሰሯ መሃል ነጭ ውሃ፤ ከአንገቷ ጀምሮ እስከ ትከሻዋ መሃል ድረስ ነፍቶታል። ውሃ የሞላ የእስክሪብቶ ቀፎ ይመስላል። በዙሪያው የቀረው ሥጋ ስስ ነው፣ ስስ...

"ጨረስሽ?" አለች በማይክራፎኑ።

"ትንሽ ቀረኝ። እረፊ።" ድምፄ ደህና ነበር። የሚገርመው እሱ ነው፣ ድምፄ ደህና ነበር።

መጋቢት 10

ቀዶ ሕክምናው ተወሰነ። እማዬ ለጎረቤት ሁሉ እየዞረች ታወራለች፤ "ሦስት ሐኪም ያቃተውን እህቷ አገኘችው! ዓይን ያላት ልጅ!" ግንባሬን ሳመችኝ። ቁንጫም ሶፋው ላይ ሆና "እትዬ፣ ጥር ላይ ስለጮህሽብኝ ይቅር ብዬሻለሁ" አለችኝ፣ በቀልድ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ሳህን ላጥብ ብዬ ተነሳሁ። የታጠበ ሳህን ነበር ያጠብኩት።

መጋቢት 21

ቀዶ ሕክምናው አራት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ሐኪሙ ከራስ ቅሏ ስር ትንሽ አጥንት አንስቶ ለአንጎሏ ቦታ አሰፋለት። ደህና ናት። ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችው "ፀጉሬን ምን ያህል ላጩት?" ነው።

ኮሪደር ላይ ሐኪሙን ያዝኩት። እጇስ? "ራስ ምታቱ ይለቃታል። ውሃውም ይቀንሳል። የደነዘዘው ግን... የሚመለሰው ይመለሳል። አንዳንዱ አይመለስም። ሁለቱ ጣቶች ላይ ተስፋ ባልሰጥሽ ይሻላል።"

"ሰባት ሳምንት ቀደም ብላ ብትመጣስ?"

"ማን ያውቃል? ሊረዳት ይችል ነበር። ላይረዳትም ይችላል።"

ማን ያውቃል! እርግማን እንኳ እንዲህ አይደለም። አዎ ቢለኝ አንድ ነገር ነው፤ የለም ቢለኝ አንድ ነገር ነው። አሁን ይሄን "ማን ያውቃል" የት ነው የማስቀምጠው?

ሚያዝያ 2

ነገርኳት።

እማዬ ገበያ ሄዳ ነበር። ቁንጫ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ በግራ እጇ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ትለማመዳለች። ሦስቱ ጣቶች ይሠራሉ፣ ሁለቱ ዝም ብለው አብረው ይሄዳሉ። እያየሁ መቆም አቃተኝ። ከጥር 15 ጀምሮ ያለውን አንድ በአንድ። ቀይ እንደነበር። ተንቀሳቅሳለች ብዬ እንደጻፍኩ። አፍንጫዋን እንዳላየሁ። ሰባት ሳምንት።

ቁልፉን ለቀቀችው።

"ሥራዬን ያጣሁት ከዚያ በኋላ ነው።"

"አዎ።"

"እጄን ያቃጠልኩትም።"

"አዎ።"

"እና ያን ቀን እጄን እየጠቀለልሽ ልብሽን ሰብስቢ አልሽኝ።"

ራሴን ነቀነቅኩ።

"ሌሎቹ አያውቁኝም" አለች። "ሦስቱ ሐኪሞች፣ ያ ፕሮፌሰርሽ። የማያውቁኝ ሰዎች አላመኑኝም፣ ይሁን። አንቺ ግን እያወቅሽኝ ነው። ስለምታውቂኝ ነው ያላመንሽኝ።"

ይቅርታ አልኩ። ምን ያህል ጊዜ እንዳልኩ አላውቅም።

"ውጪልኝ።"

ወጣሁ። እማዬ ደረጃው ላይ ከነዘንቢሏ አገኘችኝ፤ "ምነው፣ ሳትበዪ?"

ሚያዝያ 5

አታነሳም። እንደ ጥር ወር ኩርፊያዋ ግን አይደለም።

ሚያዝያ 14

ፕሮፌሰሩ ዛሬ ስብሰባ ጠራ። ግድግዳው ላይ የቁንጫ አንጎል፣ በቀይ፣ ሁለት ክንድ ያክላል። "አስደናቂ ግኝት" አለ። "ከአምስት ሚሊሜትር በታች ሆኖ እንዲህ ያለ ንቅናቄ!" ጽሑፍ እያዘጋጀ ነው። ያ ጥናቱ ይዛባል ያለኝ ሰውዬ!

የቀሩትን አራት ውድቆች ከወይዘሮ ቁጥር ጋር አይተናቸው ነበር። የሌሎቹን አይቻለሁ ብዬ ነበር፤ አንዱ ግን እንደ ቁንጫ ነው። አፍንጫው ባለበት፣ ታቹ ቀይ። ጤነኛ ቁጥር ዘጠኝ፣ ሾፌር፤ ሲፈርም "አልፎ አልፎ እጄን ያደነዝዘኛል፣ መሪ ስለምጨብጥ ነው" ብሎኝ ስቆ ነበር። ስብሰባው ላይ ተነሳሁ።

"ዘጠኝ ቁጥር ይጠራ።"

"ጽሑፉ ሲወጣ በሥርዓቱ እናስታውቃለን" አለ።

"ጽሑፉ መቼ ነው የሚወጣው?"

"ዓመትም ሊፈጅ ይችላል።"

"በዓመት ውስጥ ስንት ጣት ይሞታል?"

ወይዘሮ ቁጥር መነጽሯን ጠረገች። "እኔ ስሌቱን ስሜ ያለበት ወረቀት ላይ የማሰፍረው ሰውየው ከተጠራ ነው" አለች። ልስማት ምንም አልቀረኝም።

ያም ቢሆን ፕሮፌሰሩ "እናየዋለን" ብሎ በተነው። እኔ ግን አልጠበቅኩም። ወርጄ ከቅጹ ላይ ስልኩን አውጥቼ ደወልኩ። ሰውየው እየነዳ ነበር። ዳር ያዝልኝ አልኩት። ከሥራ ሊያስወጡኝ ይችላሉ። ያስወጡኝ! መዝገቡን ግን ያቆዩት፤ ሁለት መስመር ሰርዤ ከስሩ "ስህተቱ የኔ ነው" ብዬ ፈርሜበታለሁ።

ሚያዝያ 20

ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ። ስሜን በትክክል ጽፈውታል፣ የሥራ ድርሻዬንም። ለካ ያውቁታል!

ሾፌሩ ቀዶ ሐኪሙ ዘንድ ገብቷል። ሐኪሙ ገና በጊዜ ነው አለኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ፣ በንዴት። ለእሱ በጊዜ ደረስኩ።

ግንቦት 9

ቁንጫ ለክትትል ኤምአርአይ መጣች። እማዬ ቀድማ ደውላ ነግራኝ ነበር፤ "ሌላ ሰው ያንሳኝ ብላለች። እንዳይከፋሽ።" ምን ይከፋኛል? መብቷ ነው። ከፋኝ።

የጠዋቱ ባልደረባዬ አስገባት። እኔ ውጪ አግዳሚው ላይ፣ ከአስታማሚዎች ጋር። አሥራ ስድስት ዓመት ስሠራ ያ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ አላውቅም፤ አንድ እግሩ አጭር ነው፣ የሚጠግነው ጠፋ? ባልደረባዬ ብቅ ብሎ የቁንጫን ዕቃ እፍኜ ውስጥ አስቀመጠልኝ። ቀለበት፣ ሰዓት፣ የጆሮ ጌጦቿ። በሩ ተዘጋ። ድምፁ ጀመረ። ከውስጥ ሆኜ የትኛው ድምፅ የትኛው ምስል እንደሆነ አውቃለሁ። ከውጪ ያው መንቋቋት ነው።

ጎኔ ያሉ ሽማግሌ "ማን አለሽ?" አሉኝ።

"እህቴ።"

"አይዞሽ፣ እዚህ ያሉት ልጆች ጎበዞች ናቸው።"

ዕቃዋን በእፍኜ ጨበጥኩት።

ሲያልቅ ባልደረባዬን በዓይኔ ጠየቅኩት። "ሐኪሟ ይነግራታል" አለ። ለኔ! በኋላ ግን ቁንጫ ልብስ ስትቀይር ጠጋ ብሎ በሁለት ጣቱ መሃል ያለውን ክፍተት ጠበብ አድርጎ አሳየኝ። ውሃው ቀንሷል።

ወጣች። ፀጉሯ ከኋላ አጭር ሆኗል፣ ራሷ ነው ያስተካከለችው፣ ያምርባታል። ሰላም አላለችኝም። እጇን ዘረጋች፣ ዕቃዋን ሰጠኋት። ቀለበቱን አጠለቀች፣ ሰዓቱን አሰረች። የጆሮ ጌጡን በቀኝ እጇ ይዛ ግራ ጆሮዋን ፈለገች። ቀዳዳውን አገኘችው፤ ከኋላ መቆለፊያውን የሚይዘው ግን ግራ እጇ ነው። ወደቀባት። አነሳች። ደግሞ ወደቀባት። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አነሱላት።

እኔ አልተነሳሁም። እጄን ጭኔ ላይ አጥብቄ ይዤ ቁጭ አልኩ። ጥርሴን ነክሼ። በሷ አይደለም፣ በነዚያ በሁለቱ ጣቶች፣ በራሴ፣ በአራት ሚሊሜትር።

መጥታ ፊቴ ቆመች። ጌጦቹን መዳፌ ላይ አስቀመጠች፣ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ሰጠችኝ። ጎንበስ ስትል ማጅራቷን አልያዘችም።

"ቀስ በይ" አለች። ከአምስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ ነው። "የታረቅን እንዳይመስልሽ።"

"አልመሰለኝም።"

መቆለፊያውን ገፋሁት። ሌላኛውን ጆሮዋን አዞረችልኝ።